በአነስተኛ ወጪ ከልጆች ጋር ለሽርሽር ስለ መውጣት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የተፈቀደልኝን ጥቂት ደቂቃ የምጠቀምበት ስለ ውኃ መስመርም ሆነ ስለ መንገድ ለመናገር አይደለም፤ ስለ ሽርሽር ነው። «ኑሮ እንዲህ በከበደበት ጊዜ ደግሞ የምን ሽርሽር!» የሚል እንደማይጠፋ ይገባኛል። እኔም ራሴ ለብዙ ዓመት ስል የኖርኩት ይህንኑ ነው። ነገር ግን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያዩት ግድግዳና ቴሌቪዥን ብቻ ከሆነ፣ ከመስኮታቸው ማዶ የሚታየውን ተራራ እንኳ ሳይረግጡ ያድጋሉ ማለት ነው።

በመጀመሪያ ጥፋቴን ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በፋሲካ ሰሞን፣ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀምኳትን ገንዘብ ይዤ እናቴን፣ ባለቤቴንና ሦስት ልጆቼን አስከትዬ «ፍል ውኃ አሳያችኋለሁ» ብዬ ወደ ቆላ ተነሣሁ። ከቤት የወጣነው ረፍዶ ነበር። ከአንዱ መኪና ወርደን ሌላውን ስንጠብቅ ልክ በስድስት ሰዓት ጥላ በሌለበት ሰልፍ ላይ ቆምን። ትንሿ ልጄ ራሷን አመማት፣ አስመለሳት፣ አተኮሳት። ለመዋኛ የያዝነው ገንዘብ ለሕክምና ሆነ፣ ፍል ውኃውንም ሳናይ ተመለስን። ማታ ላይ ሲሻላት «አባዬ፣ ሽርሽር ማለት ሰልፍ ነው እንዴ?» አለችኝ። ምን ልመልስላት?

ከዚያ በኋላ ነው ወረቀትና እርሳስ ይዤ የተቀመጥኩት። ለካስ ገንዘቡን የሚበላው ምግቡ ሳይሆን መሳፈሪያው ኖሯል! ስድስት ሰው ከሆለታ ሶደሬ ልሂድ ቢል፣ ከሆለታ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ አዳማ፣ ከአዳማ ሶደሬ በጥቂቱ ሦስት መኪና ይሳፈራል። ይህም ለመሄጃ 18፣ ከነመመለሻው 36 ሒሳብ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንዱ መናኸሪያ ወደ ሌላው የሚሻገሩበትን ሳንጨምር። እነዚሁ ስድስት ሰዎች አዲስ ዓለም ደርሰው ቢመለሱ ግን በአንድ መኪና 12 ሒሳብ ብቻ ይከፍላሉ፤ መንገዱም አጭር ስለሆነ እያንዳንዱ ሒሳብ አነስተኛ ነው። ስለዚህ የትም ለመሄድ ስታስቡ መጀመሪያ የመኪናውን ብዛት በሰዉ ብዛት አባዙት። ሌላው ወጪ ከዚያ በኋላ ይታሰባል።

ሁለተኛው ነገር ፀሐይ ነው። «ሆለታ ደጋ ነው፣ ፀሐይዋ ምን ታደርገናለች?» እንላለን። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ተታለናል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። አየሩ ከፍታ ሲጨምር እየቀዘቀዘ ይሄዳል፤ ቆዳ የሚያቃጥለው አልትራቫዮሌት የተባለው ጨረር ግን በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል እየበረታ ነው የሚሄደው። ነፋሱ እያቀዘቀዘን ሳናውቀው እንቃጠላለን ማለት ነው። ደግሞም በእኛ አካባቢ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትሆናለች፤ አንዱ በነሐሴ መጨረሻ ገደማ ነው፣ ያን ጊዜ ደመናው ይጋርደናል። ሌላው በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት አካባቢ ነው። በዚያን ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ያለ እንጨት ብትተክሉ ጥላውን ፈልጋችሁ አታገኙትም። እኔ ታዲያ ልጆቼን ለሰልፍ ያቆምኩት በዚያው ሰሞን ነበር!

በመሆኑም ከቤት በ12 ሰዓት ተኩል መነሣት፣ የሚሮጠውንና የሚዘለለውን እስከ 4 ሰዓት መጨረስ፣ ከዚያ እስከ 9 ሰዓት ተኩል ጥላ ሥር በልቶ፣ ተረት አውርቶ፣ ሕፃናቱን አስተኝቶ ማሳለፍ፣ ከዚያ ወደ ቤት። ባርኔጣና ጃንጥላ ይያዝ። ወሩን መምረጥ ለሚችል ደግሞ ከጥቅምትና ከኅዳር የተሻለ የለም፤ ጭቃው ደርቋል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው።

ወዴት እንሂድ ለሚለው፣ በስተ ደቡብ ምሥራቅ የሚታየን የወጨጫ ተራራ አለ አይደል? በምዕራብ ጎኑ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል። ዛሬም ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው እኩለ ቀን ላይ እንኳ ፀሐይ አያሳልፍም። ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል ይታያል፤ ዕድለኛ ከሆነም የምኒልክ ድኩላ ያጋጥመዋል። ጫካው መግቢያ ስለሚያስከፍል ዋጋውን አስቀድሞ ማጣራት ይገባል። እሳት ማንደድ ግን በፍጹም አይገባም። በበጋ የደረቀ ጽድ በአንዲት ክብሪት የሚጠፋ ነው፤ ቡናውን በፔርሙስ ይዞ መሄድ ምን ይጎዳል?

አዲስ ዓለም ደግሞ ሌላ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ የአዲስ አበባ ማገዶ ባለቀ ጊዜ ዋና ከተማውን ወደዚያ ለማዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። በኋላ ባሕር ዛፉ ደረሰና አዲስ አበባ ከመዛወር ዳነች፤ አዳራሹም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ይህንን ለልጅ በሥፍራው ቆሞ መንገር ከመጽሐፍ ይበልጣል። አያቶች ላሉበት ቤተሰብም ይመቻል።

ለመኪና የሚከፍለው የሌለውስ? በእግሩ እስከ ወንዝ ዳር ይሂድ። ሽርሽርነቱ አይቀንስም። የወንዙን ውኃ ግን ልጆች እንዳይጠጡት፤ ከቤት ተፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በጀሪካን ይያዝ።

ስለ ስንቅ ብዙ አልናገርም፤ እናቶች ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። ጭኮ፣ ቆሎ፣ ድፎ ዳቦ ሙቀት ቶሎ አያበላሻቸውም። ወተትና ሥጋ ወጥ በሙቀት እስከ ከሰዓት አይቆዩም። ከመነሣታችን በፊትም የመንገዱን ጸጥታ ከአካባቢው ሰው እንጠይቅ፤ ባለፉት ዓመታት ያሳለፍነውን እናውቃለንና ጥርጣሬ ካለ ቀኑን ማሸጋገር ነው።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። አሥር ቤተሰብ ተሰባስቦ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ቢኮናተርና መቀመጫው ከሞላ፣ በየፊናችን ተሳፍረን ከምንከፍለው ላይበልጥ ይችላል፤ ሰልፉም ይቀራል። የቀረን ጥላ ነው። ዕድራችን ሸራ አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ትልልቅ ድስቶችና ኩባያዎች አሉት። እነዚህ ዕቃዎች ከመጋዘን የሚወጡት ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

ይህንን ባለፈው ሰሞን ለአንዳንድ አባቶች ባነሣ «የኀዘን ሸራ ለጨዋታ አይዘረጋም» አሉኝ። አባባላቸውን አከብራለሁ። በዚያው ቀን ሞት ቢደርስ ለቅሶ ቤቱ ያለ ሸራ ሊቀር ነው የሚለው ሥጋታቸውም እውነት ነው። ስለሆነም የምለምነው ዋናውን አይደለም፤ ጥጉ የተቀደደውንና ከተጣለ የቆየውን አሮጌውን ሸራ ነው። መስፋቱን እኛ እንሰፋዋለን፣ ለዕድሩም ጥቂት ኪራይ እንከፍላለን። ሞት ቢያጋጥም ደግሞ ጉዞው በዚያው ይሰረዛል፣ ሁላችንም ወደ ለቅሶው እንሄዳለን።

ለኅዳር መጀመሪያ ቅዳሜ መሄድ የሚፈልግ ቤተሰብ የሰዉን ብዛት፣ ሕፃናትንና አረጋውያንን ለይቶ፣ ለማኅበሩ ጸሐፊ ያስመዝግብ። ስለ ሸራው ግን የዕድሩ ዳኛ እዚሁ ተቀምጠዋልና መልሱን ከእርሳቸው አንደበት ብንሰማ ደስ ይለኛል።