ከማሽኑ በፊት ባትሪውን እንቁጠር
(ከሂሳብና ግዢ ኮሚቴ ለጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ ለሣርና ለአጥር ሥራ ክፍላችን የሚገዛውን የባትሪ ማሽን አጥንተን እንድናቀርብ ኃላፊነቱ ለእኛ ለኮሚቴዎቹ ተሰጥቶ ነበር። እኛ የሂሳብ ሰዎች ነን፣ ሞተር አንፈታም። ስለዚህ ሱቅ ከመዞራችን በፊት በየግቢው ከሚያጭዱትና ከሚከረክሙት እህቶቻችን ጋር ቁጭ ብለን ውሏቸውን አስነገርናቸው። ካልኩሌተር ያወጣነው ከዚያ በኋላ ነው።

ወደ ባትሪ እንሂድ ያስባለን ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የምንሠራባቸው ክሊኒክና ትምህርት ቤት በሥራ ሰዓት የቤንዚን ማሽን እንዳይጮህባቸው ጠይቀዋል፣ ውላቸውም የሚታደስበት ጊዜ ደርሷል። ቤንዚን በጀሪካን መቅዳትም ራሱን የቻለ የቀን ሥራ ሆኗል። ከዚህ ሁሉ ግን ለእኛ የከበደን የጭሱ ነገር ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይትና ቤንዚን ቀላቅሎ ነው የሚያቃጥለው። ማሽኑ በትከሻ ሲታዘል ጭሱ ከሠራተኛዋ አፍንጫ አይርቅም። ከአባላቶቻችን መካከል ነፍሰ ጡር ሆነው የሠሩ እንዳሉ እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ የከተማችን ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። የቤንዚን ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል ይባላል፣ አየሩ ስለሚሳሳ። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት እኛ ጋ ሲደርስ ከአምስት እጅ አንዱን ያህል ጥሎ ነው የሚመጣው። የባትሪ ሞተር አየር ስለማይስብ ይህ አያገኘውም። ሻጮች ይህን ሲናገሩ አልሰማንም፤ ለእነሱም ጥሩ ማስታወቂያ ይሆናቸው ነበር።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የሚነግሩን ቮልቱን ነው። “ይሄ 20 ነው፣ ያኛው 40 ነው” ይሉናል። በቮልት ብቻ አንገዛም። በመጀመሪያ ነገር 20 ቮልት የሚባለው ሲሠራ 18 ነው፣ 40 የሚባለውም 36 ነው። ትልቁ ቁጥር ባትሪው ልክ ከቻርጀር ሲወጣ የሚያሳየው ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ለሥራ ቀን የሚጠቅመን በባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል መጠን ነው፤ እሱም ቮልቱ በአምፔር-ሰዓቱ ሲባዛ ይገኛል። 36 ቮልት በ5 አምፔር-ሰዓት 180 ዋት-ሰዓት ነው። 18 ቮልት በ5 ደግሞ 90 ነው። ይህቺን ማባዛት በየስልካችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ባለሱቁ ፊት ብትሠሯት ደግሞ ንግግሩ ራሱ ይለወጣል።

180 ዋት-ሰዓት ስንት ደቂቃ ያሠራል? እንደ ማሽኑ ነው። በክረምት የረዘመና የረጠበ ሣር የሚቆርጥ የክር ማጨጃ 600 ዋት ቢስብ፣ 180 ለ600 ሲካፈል 18 ደቂቃ ነው። የአጥር መከርከሚያ ግን ጥድ ሲከረክም 150 ዋት ቢስብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ “ይህ ባትሪ አንድ ሰዓት ይሠራል” የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ “ምን ላይ?” ብላችሁ ጠይቁት።

እህቶቻችን እንደነገሩን በግማሽ ቀን ሥራ፣ ማለትም በሦስት ሰዓት ተኩል ውስጥ፣ የክር ማጨጃው የሚሽከረከረው ጠቅላላው ሲደመር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ነው። የቀረው ሣሩን መሰብሰብ፣ ከጆንያ መክተት፣ ድንጋይ መልቀም፣ ክር መቀየር፣ ውኃ መጠጣት ነው። 90 ደቂቃ ለ18 ሲካፈል አምስት ባትሪ ይሆናል። አምስት ሙሉ ባትሪ ይዘው ከሄዱ ማንንም ሳይለምኑ ሠርተው ይመለሳሉ።

ቻርጀሩ እዚህ ላይ ነው የሚገባው። ባለ 5 አምፔር-ሰዓት ባትሪን 2 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ለመሙላት ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጅበታል። ፈጣኑ ቻርጀር አንድ ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ፈጣኑን ግቢው ውስጥ ሶኬት ላይ ሰክተን ብንሠራ፣ የመጀመሪያው ባትሪ አልቆ ሦስተኛው እስኪያልቅ ድረስ የመጀመሪያው ሞልቶ ይጠብቀናል፣ በሦስት ባትሪ ግማሽ ቀኑ ያልቃል። ቀስተኛው ግን የመጀመሪያውን ሞልቶ ሲሰጠን ሥራው ሊያበቃ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይቀረውም፤ ስለዚህ መብራት እንደሌለበት ግቢ ቆጥረን አምስት ባትሪ መያዝ አለብን። በርካሽ ቻርጀር ያተረፍነው ብር ሁለት ተጨማሪ ባትሪ ያስገዛናል ማለት ነው። የሁለት ባትሪ ዋጋ የት እንደሚደርስ መርካቶ የወረደች ሁሉ ታውቀዋለች። ብዙ ጊዜ ባትሪና ቻርጀሩ አብረው ከባዶው ማሽን ይበልጣሉ።

ለዚህ ነው “መጀመሪያ ጥሩ ማሽን እንምረጥ” ያላችሁንን እህቶች አክብረን ያልተስማማነው። ስንገዛ የምንገባው ከባትሪ ቤተሰብ ጋር ጋብቻ ነው። የማኪታ ባትሪ ስቲል ላይ አይገባም። በአንድ ኩባንያ ውስጥ እንኳ ሁለት ዓይነት ባትሪ አለ፤ ማኪታ 18 ቮልቱና 40 ቮልቱ እርስ በርስ አይገጥሙም። አንዱን ዓይነት ክር ማጨጃ ከዚህ፣ ሌላውን መከርከሚያ በቅናሽ ከዚያ ብንገዛ፣ አንዷ ባትሪ አልቆባት ስትቀመጥ የጓደኛዋ ሙሉ ባትሪ አጠገቧ እያለ አይረዳትም። ርካሹም ውዱም ብራንድ የየራሱ ቦታ አለው፤ እኛ ያስቀመጥነው ሚዛን ባትሪው ከሁለት ዓመት በኋላም እዚሁ ከተማ ለብቻው ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ አይታችኋል፤ ማሽኑ ደህና ሆኖ ባትሪ ጠፍቶ መቀመጥ አንፈልግም።

ስለ መዝገቡ ትንሽ ታገሡን፣ ሥራችን ነውና። በቤንዚን ጊዜ ነዳጁ በየሳምንቱ ደረሰኝ ይዞ ይመጣ ስለነበር ወጪው ይታየን ነበር። ባትሪ ግን አስቀድሞ የተከፈለ ነዳጅ ነው። የሊቲየም ባትሪ በደህና ከተያዘ ከ500 ጊዜ በላይ ይሞላል። እኛ በ500 እንቁጠረው ብለናል፤ የተገዛበት ዋጋ ለ500 ሲካፈል የአንድ ሙሌት ወጪ ይወጣል። ይህ ወጪ በየውሉ ዋጋ ውስጥ ገብቶ ለብቻው በባንክ ይቀመጥ እንላለን። የኤሌክትሪኩ ሂሳብ ቀላል ነው፤ አንድ ሙሌት ከአንድ ኪሎዋት-ሰዓት አንድ አምስተኛውን ያህል ነው። ቢሆንም ማታ ቤቷ የምትሞላ እህት ከራሷ ቆጣሪ ስለሆነ ማኅበሩ ሊከፍላት ይገባል። ባትሪው ፍራሽ ላይ፣ ምድጃ አጠገብ ወይም ልጆች የሚደርሱበት ቦታ አይሞላ። ከሥራ ሲመለስ ትኩስ ከሆነም ሳይቀዘቅዝ ቻርጀር ላይ አይቀመጥ፤ ባትሪን የሚያስረጀው በዋናነት ሙቀት ነው። ለክረምትም በዝናብ ላይ ሊሠራ መቻሉ መመሪያው ላይ ይነበብ።

ሁሉንም ወደ ባትሪ እንቀይር አላልንም። ሰፊው የሜዳ ሣር ትልቅ የሚገፋ ማጨጃ ይፈልጋል፣ እሱም ባትሪ በላተኛ ነው። ስለዚህ ያለን የቤንዚን ማጨጃ ጩኸት በማይከለከልበት ሜዳ ላይ ይቆይ። ሶኬት ቅርብ ለሆነበት ትንሽ ግቢ ደግሞ በገመድ የሚሠራ መከርከሚያ ከሁሉ ይረክሳል፤ ገመዱን ራሱን እንዳይቆርጥ በትከሻ አሳልፎ መያዝ ነው፣ በረጠበ ሣር ላይ ግን ፈጽሞ አይሞከርም።

አሁን ለወዳጆቻችን፣ በተለይ አሜሪካ ላላችሁት። “የተጠቀምንበት ማሽን እንላክላችሁ” ብላችሁ ጽፋችሁልናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ነገር ግን የአሜሪካ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፤ የእኛ መብራት 220 ነው፣ ሲሰካ ይቃጠላል። ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሌለው አትላኩት። ባትሪውም በሻንጣ አይመጣም። በመንገደኛ አውሮፕላን ትርፍ ባትሪ በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው የሚያዝ፤ እስከ 100 ዋት-ሰዓት ይፈቀዳል፣ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን አስፈቅዶ ሁለት ብቻ፣ ከዚያ በላይ ጨርሶ አይፈቀድም። እኛ የምንፈልገው 180 ነው፣ በማባዛቱ እንዳያችሁት። ስለዚህ ለማሽን ያሰባችሁትን ለባትሪ መግዣ ብትልኩልን እዚሁ ከነዋስትናው እንገዛለን፣ ደረሰኙም በዚህ መጽሔት ይወጣል።

ለውሳኔ የምናቀርበው ይህ ነው፦ ከአንድ የባትሪ ቤተሰብ አንድ የክር ማጨጃ፣ አንድ የአጥር መከርከሚያ፣ ባለ 180 ዋት-ሰዓት አምስት ባትሪ፣ አንድ ፈጣንና አንድ ተራ ቻርጀር። መብራት ባለበት ቀን ሁለት እህቶች ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ ሦስቱ ለማጨጃው፣ ሁለቱ ለመከርከሚያው ይሆናሉ። መብራት በጠፋ ቀን አምስቱም ለማጨጃው ይሆኑና አጥሩ ለነገ ይቆያል። ከመክፈላችን በፊት ሻጩ ማሽኑን ክሊኒኩ ግቢ ድረስ አምጥቶ ረጅሙ ሣር ላይ እንዲያሳይ እንጠይቃለን፣ የሚይዙትም በየቀኑ የሚሠሩት እህቶች ይሁኑ። ክብደቱን፣ ንዝረቱን፣ እጀታው ለእጃቸው መስማማቱን እነሱ ይንገሩን፤ ደቂቃውን እኛ እንይዛለን።

የሦስት ሱቆች የዋጋ ማቅረቢያ ከጸሐፊዋ ጋር አለ። አይታችሁት ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁን፣ ከዚያ እጅ እናወጣለን።