ያልጠበቅሁት የግብር ደብዳቤ



አዘጋጆቹ «ስለ እንግሊዝ ግብር ትንሽ በለን» ሲሉኝ ሳቄ መጣ። አካውንቲንግ ተመርቄ በራሴ ግብር የደነገጥኩ ሰው ነኝና።

ለንደን ውስጥ ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ ማታ አስተረጉማለሁ። ከደመወዜ ግብሩን አሠሪዬ ይቆርጣል። የደመወዝ ወረቀቴ ላይ ያለው «1257ኤል» በዓመት 12,570 ፓውንድ ከግብር ነፃ ነው ማለት ነው። ሁለት ቦታ የተቀጠራችሁ፣ ይህ ኮድ በሁለቱም ወረቀት ላይ ካለ ነፃው ድርሻ ሁለቴ ተቆጥሯል፤ ኋላ ዕዳ ይመጣል።

የማስተርጎሙን ገቢ ግን ራሴ አሳውቄ እስከ ጃንዋሪ 31 እከፍላለሁ። በመጀመሪያው ዓመት 1,400 ፓውንድ አዘጋጀሁ። የተጠየቅሁት 2,100! ለእናቴ የዓይን ሕክምና ያስቀመጥኳት ገንዘብ ሄደች። ቅጣት መስሎኝ፣ አፍሬ ለማንም ሳልናገር ከረምኩ።

ለካ ቅጣት አይደለም። ዕዳው ከ1,000 ፓውንድ ሲበልጥና ከጠቅላላ ግብራችሁ 80 በመቶው አስቀድሞ ካልተቆረጠ፣ ለሚቀጥለው ዓመት ግማሹን አብራችሁ ትከፍላላችሁ፤ ሌላውን ግማሽ እስከ ጁላይ 31። ገቢያችሁ እንደሚቀንስ ካወቃችሁ «ይቀነስልኝ» ማለት ትችላላችሁ። የእኔ ሥራ ቀንሶ ነበር፤ አልጠየቅሁም። ትርፉ በኋላ ተመለሰልኝ፣ የእናቴ ሕክምና ግን ዘገየ።

ካምፓስ ያልገባንን ተጠያይቀን ነው ያለፍነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ፖስታው ሲመጣ ክፈቱት፤ ካልገባችሁ ደውሉልኝ።