አስቀድሞ ያወቀ ሰው ዕዳ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በሆሳዕና ከተማ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ሙያችንና ስለ ኅብረተሰቡ ግንኙነት እንድናገር በጋበዙኝ ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ የምትጠብቁት ስለ መንገድ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ ውሃ መስመር እንደሚሆን ዐውቃለሁ። እኔ ግን የመጣሁት ስለ አንድ የቴሌቪዥን ድራማ፣ ይልቁንም ድራማውን ስላዩ የዚህች ከተማ ሰዎች አስተያየት ልናገር ነው። ነገሩ ከሙያችን የራቀ ቢመስላችሁ ጥቂት ታገሡኝ፤ ወደ ቱቦና ወደ ድንጋይ መመለሳችን አይቀርም።

የቴሌቪዥን ሥርጭት በአገራችን ከተጀመረበት ከ1957 ዓ.ም. አንሥቶ ለብዙ ዘመን ተመልካቹ የሚያየው የቀረበለትን ብቻ ነበር። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ እያናገረ ማቅረብ ሲጀምር፣ የአገራችን የጥበብ ሰዎች ለባህሉም ለእንጀራቸውም በመስጋት ብርቱ ተቃውሞ አሰሙ። ተመልካቹ ግን ማታ ማታ የቱርክን ቤተሰቦች ጉድ ከመከታተል አልተገታም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ወጣቶቻችን በፍላሽ እየቀዱ የኮሪያን ድራማ ወደየቤቱ አስገብተዋል። ኮሪያ ለጆሯችን እንግዳ አይደለችም፤ የቃኘው ሻለቃ ወደዚያ የዘመተው በ1943 ዓ.ም. ነበር።

ባለፈው ዓመት በያሆዴ ሰሞን ከሥራ ቦታዬ ተነሥቼ እዚህ ሆሳዕና፣ አክስቴ ቤት ሰነበትሁ። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የአክስቴ ልጅ «የጨረቃ ፍቅረኞች» የተባለውን የኮሪያ ድራማ 20ውንም ክፍል በአንዲት ፍላሽ ይዛ ነበር። ተዋንያኑ የሚናገሩት በኮሪያኛ ነው፤ ከሥሩ እንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ልጅቱ እንግሊዝኛውን እያነበበች በሀድይኛ ትናገራለች፤ ከዱራሜ በኩል ተድረው ለመጡት ጎረቤታችን ደግሞ በአማርኛ ትደግምላቸዋለች። ሀድይኛና ከምባትኛ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎች ቢሆኑም፣ የቤተ መንግሥት ሤራ በግማሽ ሲሰማ አያጠግብም። ልጅቱ ደክሟት ንግግሩን ስታሳጥር አክስቴ፣ «ይህን ያህል ጊዜ አፉን ሲያንቀሳቅስ ቆይቶ ያለው ይህንኑ ብቻ ነው?» ብለው ይይዟታል።

ታሪኩ ባጭሩ የሚከተለው ነው። በእኛ ዘመን የምትኖር አንዲት ወጣት፣ ፀሐይ በጨረቃ በምትጋረድበት ዕለት ውሃ ውስጥ የወደቀ ሕፃን ለማዳን ገብታ ትሰጥማለች። ስትነቃ ራሷን የምታገኘው ከሺህ ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ941፣ በጎርዮ መንግሥት ሄ ሱ በምትባል ልጃገረድ አካል ውስጥ ነው። በቤተ መንግሥቱ የንጉሡ ልጆች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ ዋንግ ኡክ የተባለው ልዑል ልቧን ይወስደዋል፤ ኋላ ግን ፊቱ ላይ ጠባሳ ስላለበት ሁሉ የሚሸሸውን ዋንግ ሶን ታፈቅራለች። ይህ ዋንግ ሶ፣ ጉዋንግጆንግ ተብሎ እ.ኤ.አ. ከ949 እስከ 975 የነገሠ እውነተኛ ንጉሥ ነው። ያላግባብ ባሪያ የተደረጉትን ነፃ ያወጣ፣ በ958 የመንግሥት ሹመት በፈተና እንዲገኝ ያደረገ፣ ነገር ግን ብዙ መኳንንት ያስገደለ ንጉሥ መሆኑን ታሪክ ይነግረናል። ልጅቱም ይህን ደም አስቀድማ ታውቃለች። የድራማው ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው።

የታሪኩ ምንጭ ቶንግ ኋ የተባለች ቻይናዊት ደራሲ የጻፈችው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ቻይናውያን እ.ኤ.አ. በ2011፣ ኮሪያውያን ደግሞ በ2016 ለቴሌቪዥን አዘጋጅተውታል። በኮሪያ በታየ ጊዜ በተመልካች ብዛት በተወዳዳሪው ተበልጦ ነበር፤ በውጭ አገር ግን ብዙ ወዳጅ አፈራ። በእነዚያ አገሮች የታሪክ ድራማ እንደ ዋዛ አይታይም። በቻይና በዚያው በ2011 የሥርጭት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ዘመን ተሻጋሪ ድራማዎች ታሪክን እንደ ቀልድ ይይዛሉ ሲል ወቅሷል። በኮሪያም እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የታሪክ ድራማ፣ ያለፈውን ዘመን አዛብቷል የሚል የተመልካች ቁጣ ስለ ተነሣበት ከሁለት ክፍል በኋላ ተቋርጧል። የሆሳዕና ተመልካች ይህን የመሰለ ሥልጣን የለውም። ያለው መብራት ሲጠፋ እስኪመጣ ድረስ የመከራከር ነፃነት ነው፤ በዚህም ነፃነት በሚገባ ይጠቀማል።

እንግዲህ ወደ አስተያየቱ ልግባ። ወጣቶቹ የሚያዝኑት ለፍቅሩ ነው፤ በተለይ ፍጻሜውን አይቀበሉትም። ልጅቱ በጎርዮ ሞታ በራሷ ዘመን ስትነቃ፣ ንጉሡ በዙፋኑ ላይ ብቻውን ይቀራል። «ይህ ሁሉ ልፋት ለዚህ ነው?» ብለው የደራሲውን ቤት ሊያፈርሱ ምንም አልቀራቸውም።

እናቶቹ ግን ከፍቅሩ ይልቅ የተናደዱት በንግሥቲቱ ላይ ነበር። የዋንግ ሶን ፊት በስለት ያቆሰለችው የገዛ እናቱ ናት፤ ባቆሰለችውም ጠባሳ ትጸየፈዋለች። አክስቴ ይህ በተገለጠ ጊዜ ስኒውን አስቀምጠው ለብዙ ደቂቃ ቡና መቅዳት ተዉ። ስለ ፍጻሜውም ቢሆን ጎረቤታችን የተናገሩት ከወጣቶቹ የተለየ ነበር። ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ያለ ቤት በሀድያና በከምባታ ከተሞች ስንት እንደ ሆነ ለእናንተ አልነግርም። «የሄደው ሰው አዲስ አገር ያያል፤ የቀረው ያንኑ በር ነው የሚያየው» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ለንጉሡ ማዘናቸው እንደ ሆነ ሁላችንም ገባን፤ ለንጉሡ ብቻ እንዳልሆነም እንደዚሁ።

መብራት የጠፋው በ11ኛው ክፍል ላይ ነበር። ሻማ እስኪፈለግ ድረስ፣ እስከዚያ ሰዓት ዝም ብለው ጥግ ላይ የተቀመጡት፣ በአካባቢያቸው በሽምግልና የታወቁት አጎቴ አንድ ጥያቄ አነሡ።

«ይህች ልጅ የሚመጣውን ታውቃለች። ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ተናግራለች እንጂ፣ አባባ» አለች ተማሪዋ። «ለዋንግ ኡክ፣ ከዋንግ ሶ ተጠንቀቅ ብላዋለች።»

«ነገሩ ለሚመለከተው ለራሱስ?»

«ለእርሱማ ፈርታ አልነገረችውም።»

«እንግዲያው አልተናገረችም» አሉ አጎቴ። «ለአንዱ በጆሮው የተነገረ ነገር ምክር አይደለም፤ ሐሜት ነው።»

ጎረቤታችን ልጅቱን ተከላከሉላት፤ ከሺህ ዓመት በኋላ መጣሁ ብትል ማን ያምናታል፣ አብዳለች ተብላ ትታሰራለች እንጂ፣ አሉ። አክስቴም «ባያምኗትም ቀኑ ሲደርስ ነግራን ነበር ይላሉ» ሲሉ መለሱ። ክርክሩ መብራት እስኪመጣ አላለቀም፤ ሲመጣም አላለቀም። በኋላ ድራማው ራሱ ለአጎቴ መሰከረላቸው፤ ያቺ ለአንድ ወገን በሹክሹክታ የተነገረች ቃል በወንድማማቾቹ መካከል ጥርጣሬን አፋፍማ፣ ልጅቱ ስትጸጸትባት አይተናል።

በማግሥቱ ተማሪዋ፣ ከእኛስ አገር እንዲህ ያለ ድራማ የሚወጣው ታሪክ አለ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። በ15ኛው መቶ ዓመት ከሀድያ ገራድ ቤት፣ ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልዳ፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን አግብታ ንግሥት የሆነችውን እሌኒን ነገርኋት። የያኔው የሀድያ ግዛትና የዛሬው የሀድያ ዞን አንድ ወሰን የላቸውም፤ ስሙ ግን አንድ ነው። ዐፄ ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 በልጅነት በነገሡ ጊዜ ሞግዚት ሆና መንግሥቱን የመራች እርሷ ነበረች። እሌኒ ከወደፊቱ ዘመን የመጣች አልነበረችም፤ ነገር ግን በቀይ ባሕር ላይ የሚመጣውን የኃይል ለውጥ ካለችበት ሆና አየች። አይታም ዝም አላለችም። እ.ኤ.አ. በ1509 ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከች። ማቴዎስ ሊዝበን የደረሰው በ1514 ነው፤ የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ የደረሱት በ1520 ነው። የሽምብራ ኩሬ ጦርነት የተደረገው በ1529፣ የፖርቱጋል ጦር የመጣው በ1541፣ እርሷ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ደብዳቤው ግን ተጽፎ ነበር፤ ለሚመለከተውም ሰው ተልኮ ነበር። ይህን ስነግራት አጎቴ ከደጅ ሆነው ይሰሙ ኖሮ፣ «ያቺ ተናግራለች» አሉ።

ክቡራንና ክቡራት፤

ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሄ ሱም እሌኒም አልነበሩም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በከምባታ ተራሮች ግርጌ በሚሠራ አንድ የገጠር መንገድ ላይ ከተመደቡት ወጣት መሐንዲሶች አንዱ ነበርሁ። በአንድ ሸለቆ አፍ ላይ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው የውሃ ማሳለፊያ ቱቦ ይቀበር ዘንድ ታዝዞ ነበር። የተፋሰሱን ስፋትና የክረምቱን ዝናብ ይዤ ስሌቱን ብሠራው ከ1 ሜትር ያነሰ ቱቦ እንደማይበቃ አገኘሁ። ስሌቱን በማስታወሻ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፤ ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቡና ስንጠጣም፣ «ይህ ቱቦ አንድ ክረምት አያልፍም» አልሁት። ለአለቃዬ በጽሑፍ አላቀረብሁም። ሥራው ዘግይቶ ነበር፤ እኔም ገና አዲስ ነበርሁና «ምን ያውቃል» እንዳልባል ፈራሁ።

ቱቦው ሁለት ክረምት አለፈ፤ በሦስተኛው ውሃው በላዩ ፈስሶ መንገዱን ቆረጠው። ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። ሰው አልሞተም፤ ይሁን እንጂ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንሱ መሻገር ስላቃተው በወጣቶች ትከሻ፣ በቃሬዛ፣ በጎርፍ ውስጥ ተሻግራለች። ይህን የነገረኝ ያው ባልደረባዬ ነው። «አንተ እኮ ብለህ ነበር» አለኝ፤ እንደ ምስጋና አድርጎ። በዚያን ጊዜ እኔም እንደ ምስጋና ተቀብዬው ነበር። አጎቴ በሻማ ብርሃን የተናገሩትን እስክሰማ ድረስ ነገሩን በስሙ አልጠራሁትም፤ እኔም የተናገርሁት ለአንዱ በጆሮው ነበር።

የእኛ ሙያ የዘመን ጉዞ ነው ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም። ኮንክሪቱ ሳይፈስ ስንጥቁን፣ ዝናቡ ሳይዘንብ ጎርፉን በስሌት እናያለን። ለዚህ የፀሐይ ግርዶሽ አላስፈለገንም፤ ሕዝብ ያስተማረን ለዚሁ ነው። ስለዚህ ተመልካቾቹ በሄ ሱ ላይ የፈረዱት ፍርድ ለእኛም ይሠራል። ያየነውን ለሚመለከተው ሰው፣ በጽሑፍ፣ ስማችንን ፈርመን ካላቀረብን፣ ስሌቱ ትክክል መሆኑ ብቻውን ለማንም መንገድ አይሆንም። ጎረቤታችን ያነሡት ፍርሃት እውነተኛ መሆኑንም አልክድም፤ አንድ ወጣት መሐንዲስ ብቻውን ቢናገር ላይሰማ ይችላል። ማኅበር የሚያስፈልገውም ለዚህ ይመስለኛል። የአንድ አባል ማስጠንቀቂያ በማኅበሩ መዝገብ ቢገባና በማኅበሩ ማኅተም ቢላክ፣ ምን ያውቃል ብሎ ወደ ጎን ማድረግ ቀላል አይሆንም። ይህን ለጉባኤው እንደ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የድራማ ሙያ ያላችሁ እንግዶቻችን ካላችሁ ደግሞ፣ የእሌኒን ታሪክ ይህች ከተማ ለማየት ዝግጁ እንደ ሆነች ልነግራችሁ እወዳለሁ። ነገር ግን ተጠንቅቃችሁ ሥሩ፤ አክስቴ ቤት የተቀመጡት ዳኞች ቀላል አይደሉም።

በመጨረሻ፣ በዚያው መንገድ ላይ እንደዚያኛው ያሉ ሁለት ቱቦዎች አሁንም አሉ። ከያሆዴ ስመለስ የሁለቱንም ስሌት አያይዤ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፌአለሁ፤ ግልባጩ በእጄ አለ። መልስ አልመጣም። የእሌኒ ደብዳቤ ሊዝበን ለመድረስ 5 ዓመት ፈጅቶበታል፤ እኔ ግን ያን ያህል ለመጠበቅ አልችልም፤ ክረምቱ ቅርብ ነው። ስለዚህ ከዚህ መድረክ ስወርድ ግልባጩን ለማኅበሩ ጸሐፊ በእናንተ ፊት አስረክባለሁ።