የሰውነት ሰዓትና የእንቅስቃሴ ጊዜ



በምሥራቅ ጎጃም በአምበር አካባቢ ገበሬው በእርሻ ወራት ጎሕ ሲቀድ በሬዎቹን ጠምዶ ይወጣል፤ ሲመሽም ከቤቱ ይገባል። አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከ1 ሰዓት ተኩል አያልፍም። ስለዚህ ብርሃንና ድካም ሁልጊዜ አብረው ይውላሉ።

ይህ ለጤና ታላቅ ነገር ነው። የሰው ልጅ በአንጎሉ ውስጥ ዋና ሰዓት፣ በጡንቻውና በጉበቱም ተከታይ ሰዓቶች አሉት። የዚህን ሰዓት ውስጣዊ አሠራር በዝንብ ላይ መርምረው የገለጡት ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮስባሽና ማይክል ያንግ በ2010 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ዋናው ሰዓት ዙሩን ለመፈጸም በአማካይ 24 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድበት በየዕለቱ መታረም ይፈልጋል። ቀዳሚው አራሚ ብርሃን ሲሆን የሰውነት እንቅስቃሴም ያግዘዋል። በ2011 ዓ.ም. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 101 ሰዎችን መርምሮ፣ ከጧቱ 1 ሰዓት ወይም ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት የተደረገ እንቅስቃሴ ይህን ሰዓት እንደሚያስቀድም፣ ከምሽቱ 1 እስከ 4 ሰዓት የተደረገው ግን እንደሚያዘገይ አሳይቷል።

ገበሬው ይህን እርማት ሳያስበው ያገኛል። እስከ እኩለ ሌሊት በመብራት የሚሠራው መሐንዲስና የፈረቃ ሠራተኛው ግን ያጡታል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ በመሣሪያ ፊት ለአደጋ የቀረበ ነው።

እንግዲህ ማልዶ ሥራ የሚገባ በማለዳ ይራመድ፤ የሌሊት ተረኛም ወደ ሥራው ከመሄዱ በፊት በምሽት ይንቀሳቀስ። የፈረቃ ሰሌዳ የሚያወጣ ባለሙያ ለመሣሪያው የጥገና ሰዓት እንደሚመድብ ሁሉ፣ ለሠራተኛውም ይህን ጊዜ ሊመድብለት ይገባል።