ሰውነትን ማንቀሳቀስ የዕለት ልማድ ስለ ማድረግ

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ጤና እንድናገር ሊቀ መንበራችን ሲያዙኝ «እኔ ሐኪም አይደለሁ፤ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ መዝገብ ቤት የገባሁ ጸሐፊ ነኝ» ብዬ ነበር። «እንግዲያው የደረሰብዎን ይናገሩ» አሉኝ። የደረሰብኝም ይህ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ጡረታ ወጣሁ። 34 ዓመት ወንበር ላይ የኖርሁ ሰው ቤቴም ገብቼ የማውቀው መቀመጥን ብቻ ሆነ። ጠዋት ሬዲዮ፣ ከሰዓት ቡና፣ ማታ ቴሌቪዥን። በ2015 ዓ.ም. አንድ የሠፈራችን አዛውንት ሲያርፉ ሣጥኑ ከመኪና ወርዶ ወደ ቤተ ክርስቲያን በትከሻ ሲሄድ ተራዬ ደረሰና ገባሁ። ሠላሳ እርምጃ እንኳ ሳልሄድ ጉልበቴ ተብረከረከ፣ ትንፋሼ አጠረ። አንድ ልጅ ከኋላ መጥቶ «አባባ፣ ለእኔ ይልቀቁልኝ» አለና ተቀበለኝ። እኚያ ሰው የእኔን አባት ተሸክመው የቀበሩ ናቸው። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በማግስቱ የልጄን ቱታ ለብሼ ሜዳ ወረድሁና ከወጣቶች ጋር ልሩጥ አልሁ። ኧረ ምኑ! በአራተኛው ቀን ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ሳምንት ተኛሁ። ተኝቼ ሳስበው፣ ያን ሁሉ ዓመት ከሥራ ያልቀረሁት ጎበዝ ሆኜ ሳይሆን ሰዓቱና መንገዱ የታወቀ ስለ ነበረ ነው።

ስለዚህ ሌላ ሰዓት መፈለጉን ትቼ እንቅስቃሴውን ከለመድሁት ነገር ጋር አሰርሁት። ዳቦ ከደጃችን ሱቅ መግዛቴን ትቼ ከላይኛው ዳቦ ቤት ማምጣት ጀመርሁ፤ ደርሶ መልስ 25 ደቂቃ ነው። (ዳቦው ከዓመት ዓመት ማነሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) መፋቂያዬን ስፍቅ በአንድ እጄ ግድግዳ ይዤ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ዜና ሲጀምር ደግሞ እጄን ሳልደገፍ ከወንበር አሥር ጊዜ እነሣለሁ። መጀመሪያ የቻልሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ባለቤቴም ስቃብኛለች፤ ዛሬ እሷም ታደርገዋለች።

የዓለም የጤና ድርጅት በኅዳር 2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ይመክራል። 65 ዓመት የሞላው ደግሞ ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ይጨምርበት ይላል። መጠነኛ ማለት እየሄዱ መነጋገር የሚቻልበት፣ መዝፈን ግን የማይቻልበት ነው። የእኔ የዳቦ መንገድ በስድስት ቀን 150 ይሞላል ማለት ነው። የልብ ሕመም፣ የደም ብዛት ወይም ስኳር ያለባችሁ ግን አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ ደረት ከወጋችሁ ቁሙ።

የመዝገብ ቤት አመል አይለቅምና ደብተር አዘጋጀሁ፤ በሄድሁበት ቀን ጭረት አደርጋለሁ፣ የቀረሁበት ባዶ ነው። አምና ነሐሴ ላይ በዝናቡ የተነሣ ዘጠኝ ባዶ ተከታትሎ ይታያል። ድሮ ቢሆን «በቃ ተበላሸ» ብዬ እተወው ነበር። አሁን ግን ላካክስ ብዬ እጥፍ አልሄድሁም፤ በአሥረኛው ቀን ጃንጥላ ይዤ እንደ ወትሮው ዳቦዬን ገዛሁ።

ባለፈው ጥር በአንድ አባላችን ቀብር ላይ ተራዬን ሳላስነካ እስከ ደጀ ሰላሙ አደረስሁ። ትከሻዬ ግን ሦስት ቀን አሞኛል፤ አልዋሽም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በእድራችን ዕቃ ቤት በር አልፋለሁ። አብሮኝ መሄድ የሚፈልግ እዚያ ይጠብቀኝ፤ ፈጥኜ አልሄድም፤ ዳቦውን ግን ሁሉም በየራሱ ይገዛል።