በእጅ የተተከለ ጫካ፦ የሩዝቬልት ደሴት ታሪክ



ከዋሽንግተን ወደ ቨርጂኒያ በሩዝቬልት ድልድይ የምትመላለሱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ ናችሁ። ታክሲ የሚነዱ ወንድሞቻችንማ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚሻገሩት እነሱ ያውቃሉ። ድልድዩ በ1964 ሲከፈት የአንዲትን ደሴት ደቡባዊ ጫፍ ተሻግሮ አለፈ እንጂ ወደ ደሴቲቱ የሚያወርድ መንገድ አልተሠራለትም። ስለዚህ ከላይ የምናየው ዛፍ ብቻ ነው። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ዛፍና ከሥሩ ስላለው ታሪክ ነው። የእኛን አቆጣጠር ካልጠቀስሁ በቀር ዓመቱን በአውሮፓውያን እቆጥራለሁ።

ቴዎዶር ሩዝቬልት ደሴት በፖቶማክ ወንዝ ላይ፣ በጆርጅታውንና በሮዝሊን መካከል የምትገኝ 36 ሄክታር ገደማ የምትሆን ፓርክ ናት። መሬቷ የዋሽንግተን ዲሲ ነው፤ የሚገባባት ግን ከቨርጂኒያ ዳርቻ በተዘረጋ የእግረኛ ድልድይ ነው። መኪና አይገባም፤ ብስክሌትም መግቢያው ላይ ታስሮ ይቀራል። ደርሶ የተመለሰ ሰው ሁሉ ጸጥታዋን ያነሣል። እርግጥ ወደ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርዱት አውሮፕላኖች ወንዙን ተከትለው ስለሚመጡ ጸጥታው በየጊዜው ይቋረጣል። ቢሆንም ረግረጉን በሚያቋርጠው የእንጨት መረማመጃ ላይ የሚሄድ ሰው የአገሪቱ ዋና ከተማ መሀል መሆኑን ይዘነጋል። ይህን የሚያይ ሁሉ ቦታው ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ የነበረ ይመስለዋል። አልነበረም። ጫካውንም ጸጥታውንም ያመጣው ሰው ነው፤ ሲያመጣም የሸፈነው ነገር አለ።

የወንዙ ዳርቻ በመጀመሪያ ናኮችታንክ የተባለው ነባር ሕዝብ አገር ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ደሴቲቱ በሜሰን ቤተሰብ እጅ ገባች፤ በዘመኑ መጨረሻ ገደማ ጆን ሜሰን ትልቅ ቤት ሠራባት፣ ዙሪያውንም የታወቀ የአትክልት ቦታ አደረገው። አባቱ ጆርጅ ሜሰን በ1776 የቨርጂኒያን የመብቶች መግለጫ ያረቀቀው ሰው ነው። ሰው ሁሉ በተፈጥሮው እኩል ነጻ ነው የሚለው ሐሳብ በዚያ ሰነድ መግቢያ ላይ ሰፍሯል። የልጁን መሬት የሚያርሱትና የሚኮተኩቱት ግን በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። አባትየውም ባሪያ አሳዳሪ ስለነበር ልጁን ብቻ አንወቅስም።

ሜሰኖችን ከደሴቲቱ ያስወጣቸው ውሃው ነው። በደሴቲቱና በቨርጂኒያ መካከል የሚፈሰው ውሃ በመሻገሪያ ግድብ ስለተዘጋ ተኝቶ መሽተት ጀመረ፤ ቤተሰቡም በ1830ዎቹ መጀመሪያ ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ እኔ አብልጬ የምይዘው የ1863ን ነው። በእርስ በርሱ ጦርነት መሀል፣ በዲሲ ባርነት ከተሻረ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ 1ኛው የአሜሪካ ጥቁሮች እግረኛ ሬጅመንት የሠለጠነው በዚህች ደሴት ላይ ነበር። በከተማው ውስጥ የወታደር ልብስ የለበሰ ጥቁር ሰው ማየት የማይወዱ ነጮች ይሰድቧቸውና ይደበድቧቸው ስለነበር፣ በውሃ የተከበበ ስፍራ ተመረጠላቸው። ዛሬ ለመዝናናት የምንፈልገው ከሰው መራቅ ያን ጊዜ ለነፍስ መጠበቂያ ነበር ማለት ነው። ባለቅኔው ዋልት ዊትማን ወታደሮቹ ደመወዝ ሲቀበሉ ተገኝቶ ያየውን ጽፏል። እነሱ ወደ ግንባር ከሄዱ በኋላ ደግሞ ከባርነት ያመለጡ ቤተሰቦች በ1864 እና በ1865 በዚያው ሰፈሩ።

ከጦርነቱ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፤ የስፖርት ክበብ መጣ፣ ቤቱ በ1906 ተቃጠለ፣ በኋላም የከተማው የጋዝ ኩባንያ መሬቱን ገዝቶ ዳዋ እንዲበላው ተወው። በ1931 የሩዝቬልት መታሰቢያ ማኅበር ከኩባንያው ገዛው፤ በማግሥቱ ዓመት ኮንግረሱ መታሰቢያነቱን አጸደቀ። ንድፉ የተሰጠው ለፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድ ልጅ ነው፤ አባትየው የኒው ዮርኩን ሴንትራል ፓርክ ከነደፉት አንዱ ናቸው። ልጁ የመረጠው አበባ አልነበረም፤ ሰው ያልነካው የሚመስል ጫካ ነበር። በኢኮኖሚው ድቀት ዘመን መንግሥት የቀጠራቸው ወጣቶች መጤውን ተክል ነቅለው በሺህ የሚቆጠሩ የአገሩን ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ተከሉ። ሥራው ድንቅ ነው፤ ድንቅ በመሆኑም የሰዎቹን ዱካ ሁሉ አጠፋ።

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ጫካ የሚገባቸው ሰው ናቸው፤ በሥልጣን ዘመናቸው 230 ሚሊዮን ኤከር የሚያህል የሕዝብ መሬት አስከብረዋል። ለእኛም እንግዳ አይደሉም። በ1896 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ሮበርት ስኪነርን ወደ አዲስ አበባ ልከው ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የኢትዮጵያና የአሜሪካን የመጀመሪያ የንግድ ውል ያስፈረሙት እሳቸው ናቸው። 5 ሜትር ገደማ የሚረዝመው የነሐስ ሐውልታቸው በ1967 በፕሬዚዳንት ጆንሰን ተመረቀ። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በድንጋይ የተነጠፈው ያ ሰፊ አደባባይ ኦልምስቴድ የደከመበትን ጫካ ያበላሸዋል።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሐውልቱ ሥር ፎቶ ከመነሣታችሁ በፊት ግን ስለ 1863ቱ ወታደሮች ንገሯቸው። በእግር ከሮዝሊን ባቡር ጣቢያ ይደረሳል፤ በመኪና የምትመጡ፣ ማቆሚያው የሚገባው በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ወደ ሰሜን በሚወስደው መስመር ብቻ ነው።