ከባማኮ የወጣው ሥዕል

አንደኛ አቅራቢ፦ እ.ኤ.አ. በ1948 በባማኮ የፎቶግራፍ ቤት ከፍቶ የከተማውን ሕዝብ በክብርና በግርማ ያነሣው የሰይዱ ኬይታ ሥዕል በ1991 በኒውዮርክ ትዕይንት ላይ አንሺው እንዳልታወቀ ሆኖ መቅረቡ፣ ነውሩ የአዘጋጆቹ ነው እላለሁ።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ሰውየው እኮ በሕይወተ ሥጋ ነበር፣ ወንድሜ! ይሁን እንጂ በ1994 በዚያው በባማኮ የአፍሪቃ ፎቶግራፍ ዐውደ ርእይ ከተመሠረተ ወዲህ ዓለም ራሱ ወደ አፍሪቃ መጥቶ ማየት ጀመረ፤ በ2007 ማሊያዊው ፎቶግራፍ አንሺ ማሊክ ሲዲቤ በቬኒስ የወርቅ አንበሳ ሽልማት ሲቀዳጅ፣ በዚያው ዓመት በባማኮ የተሸለመችው፣ በባዕድ ሀገር ያደገችው ኢትዮጵያዊቷ ፎቶግራፍ አንሺ አይዳ ሙሉነህ ደግሞ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶግራፍ ፌስቲቫል መሠረተች።

አንደኛ አቅራቢ፦ መልካም ነው፤ ነገር ግን የእነ ኬይታ ፎቶግራፍ ነጌቲቭ ባሕር ተሻግሮ ከቀረ፣ የባማኮ ልጅ የአያቱን መልክ ለማየት ቪዛ ሊለምን ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ያውም ከሰጡት!